ለአጥቢያዋ ዳኛ የሰጠሁት ቃል

ስካርቦሮ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ሀፍሳ፣

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ሰላምታዬን ትቀበይው እንደሆነ ከዚያ በኋላ አንቺው ትወስኛለሽ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ሦስት ቀን ሙሉ በፋብሪካው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ እጅሽን እየሰደድሽ የፈለግሻት ቦክስ እኔ አልጋ ሥር ነበረች። የወሰድኳት እኔ ነኝ። አብሬሽ ጎንበስ ብዬ ስፈልግም የት እንዳለች አውቅ ነበር።

እዚህች ላይ እስክደርስ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ።

አንቺ የምታውቂውንም ጭምር ከሥሩ እጽፈዋለሁ። ሥራውን የማያውቅ ሰው እያስረዳሁ ቢመስልሽ አይግረምሽ፤ ይህን ወረቀት ካንቺ በፊት የሚያዩት ሰዎች አሉ። ማን እንደሆኑ መጨረሻው ላይ እነግርሻለሁ።

ፋብሪካው ቺፕ የሚሠራበት ነው። እኔ ያኔም ዛሬም ኦፕሬተር ነኝ። ከዓይን በቀር ሁሉን የሚሸፍን ነጭ ልብስ ለብሼ፣ ዋፈር የሚባሉትን፣ ቺፑ የሚሠራባቸውን እንደ መስተዋት የሚያበሩ ክብ ሰሌዳዎች ስስ ፈሳሽ ለሚቀባቸው ማሽን አቀብላለሁ። ሽቶ፣ ኩል፣ የፀጉር ቅባት ይዞ መግባት ክልክል ነው። በተቀጠርኩ ቀን ይህንን አንብቤ ፈርሜያለሁ። ማንበቡን የምጠቅሰው አላወቅሁም እንዳልል ነው። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም፣ ስኳርና ጨው የሚጠቀለልበትን ጋዜጣ እያነበብኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛውንም በአውቶቡስ ማስታወቂያና በማሽን መመሪያ ነው የተማርኩት።

አንቺ መጥተሽ ከየማሽኑ ጎን ቦክስ ስትሰቅይ ሁሉም ሰው በሩቁ አየሽ። የምሳ ዕቃ የምታህል ጥቁር ሳጥን፣ መዳፍ የምታህል ስክሪን፣ አየሩን የምታሸትበት ትንሽ ቀዳዳ። ተጠግቼ፣

«ይቺ ደግሞ ማንን ልትሰልል ነው?» አልኩሽ።

ሳቅሽ። «ኧረ እትዬ፣ ሰላይ አይደለችም። ድሮ ሰው ክርክሩን ይዞ ከገጠር አዲስ አበባ ድረስ ይሄድ ነበር አይደል? ፍርድ ይዞ እስኪመለስ የተከራከረባት ላም ትሞታለች። ሩቅ ያለው ትልቁ ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ እንደዚያ ነው። ይቺ የአጥቢያ ዳኛ ናት። እዚሁ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጣ፣ እዚሁ ሰምታ፣ እዚሁ ትፈርዳለች። መጥፎ ነገር ከሸተታት ትደውላለች፤ መልስ ካጣች ማሽኑን ታቆማለች። ወደ ላይ የምትልከው ድምሩን ብቻ ነው።»

«ዳኛ ከሆነች ምስክሯስ ማን ነው?»

«እኛ ነና! ስትደውል ‹እውነት ነው› ወይ ‹ሐሰት ነው› ብለን እንነግራታለን፤ ከዚያ ትማራለች። ብቻ አደራ፣ ዋሽተው እንዳያስተምሩብኝ። እንደ ሕፃን ናት፤ የነገሯትን ታምናለች።»

ያን ቀን ነው የወደድኩሽ። ፋብሪካው ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ማንም ምን እንደምሠራ አስረድቶኝ አያውቅም ነበር። አንቺ ግን የቦክሷን መመሪያ አትመሽ አመጣሽልኝ፤ በምሳ ሰዓት በቀን አንድ ገጽ እናነብ ነበር። አንቺ ጾም ስትይዢ እንኳ እኔ ስበላ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ታነቢልኝ ነበር።

ምስክርነት መስጠት የሚችለው የኢንጂነር ካርድ ያለው ብቻ ነበር። አንቺ አራት መስመር ይዘሽ ከሕንፃ ሕንፃ ስትሮጪ ማሽኔ ብዙ ጊዜ ቆሞ ይጠብቅሽ ነበር። አንድ ቀን ሁለተኛ ካርድሽን አውጥተሽ ሰጠሽኝ።

«ለጭንቅ ቀን ብቻ ነው። እርስዎ ከኔ በላይ ያውቋታል» አልሽ።

ሰው እንዲህ ያለ አመኔታ ሲጥልብኝ ከባለቤቴ ከሰይፉ በኋላ አንቺ ሁለተኛዋ ነሽ።

ሰይፉ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ዐረፈ። ታስታውሻለሽ፤ ያኔ ከምትኖሪበት ከቶርንክሊፍ ፓርክ ሁለት አውቶቡስ ቀይረሽ ለቅሶ መጥተሽ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ እኅቱ ዓለምሸት ከኦታዋ መጣች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ሻሼን ገለጠችና፣

«አንቺ ሴት፣ ይሄ ራስ ነው ወይስ የተጣለ መጥረጊያ? ወንድሜን ቀበርን እንጂ አንቺን አልቀበርንም!» አለች።

ጥቁሬን አስወለቀችኝ። ፀጉሬን አጠበች፣ ጎነጎነች፣ በአደስ የታሸ ቅቤ ቀባችኝ። ሁለት ሳምንት ስትሰነብት ማታ ማታ እንዲሁ ታደርግ ነበር። ለምን እንቢ እንዳላልኩ ልንገርሽ፤ ማመካኛ አድርገሽ አትውሰጂው። ከሰይፉ ሞት ወዲህ ራሴን የዳሰሰኝ ሰው አልነበረም። እጇ ሲያርፍብኝ እንቅልፌ ይመጣ ነበር። ጠዋት በሳሙና አጥበዋለሁ፤ ቅቤ ግን ታውቂዋለሽ፣ ትራሱ ላይ እንኳ ሳምንት ይቆያል። በነጩ ቆብ ስር ሸፍኜው ገባሁ። ማን ያየዋል ብዬ ነው።

ያየኝ ሰው የለም። የፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ፣ ወደ ማሽኑ መስኮት ጎንበስ ስል ቦክሷ ደወለች።

ወዲያው ገባኝ። አንቺን መጥራት እችል ነበር። ብትመጪ ትስቂብኝ ነበር፤ «እትዬ፣ ዶሮ ወጥ መሰሉ እኮ!» ብለሽ አጥበሽ ትመልሺኝ ነበር። ይህን ያኔም አውቀዋለሁ። ግን አፈርኩ። አገር ቤት ወግ የሆነው ነገር እዚያ ነጭ ክፍል ውስጥ ነውር ሆኖ ታየኝ። ሪፖርት ሲጻፍ፣ ስሜ ሲጠራ፣ ሰዎች አፍንጫቸውን ሲይዙ ታየኝ። ካርድሽን ከኪሴ አውጥቼ ‹ሐሰት ነው› የሚለውን ተጫንኩ።

አረንጓዴ መብራቷ በራ። እንዴት ቀላል ነበር መሰለሽ!

ማክሰኞም ደወለች፤ ተጫንኩ። ረቡዕም። ዓርብ ዒድ ነበር፤ የዚያ ዓመት ፋሲካና ዒድ አንድ ሳምንት ውስጥ ዋሉ። አንቺ ፈቃድ ወስደሽ ሶላት ሄደሽ ነበር፤ እኔ በስምሽ ስምንት ጊዜ መሰከርኩ። ሰኞ ሐላዋ ይዘሽልኝ መጣሽ፤ «ዒድ ላይ ዳኛዬን ስለጠበቁልኝ» ብለሽ። በላሁት። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ቦክሷ መደወሏን ተወች። ተገላገልኩ አልኩ። የተናገርኩትን አምና ዝም ማለቷ መሆኑን አላሰብኩትም።

በሦስተኛው ሳምንት ከማሽኑ ጀርባ አንድ የቱቦ መጋጠሚያ ላላና የፈሳሹ ማቅጠኛ ይተን ጀመር። ለሰው አፍንጫ የማይታወቅ ትንሽ ነገር ነው። ቦክሷ የተሠራችው ግን ይህንኑ ልታውቅ ነበር። የቅባት ትነትና የማቅጠኛው ትነት ለእሷ ዘመዳሞች ናቸው፤ ይህም መመሪያው ላይ አለ። ዘመዱን ‹ሐሰት ነው› ብዬ ስላስተማርኳት፣ ዋነኛው ሲመጣ ‹ደህና› ብላ አለፈችው። አንድ ፈረቃ ሙሉ። መቶ ዋፈር ተበላሸ። የልብ ሕመምተኞች ደረት ውስጥ ለሚገባ መሣሪያ የታዘዘ ነበር። ፍተሻ ላይ ተይዞ ሰው አልተጎዳም፤ ባይያዝስ ኖሮ ብዬ ያላሰብኩበት ቀን የለም።

ላይ ያለው ሰርቨር የደረሰው ድምሩ ብቻ ነው፦ በሀፍሳ ስም አርባ አንድ ጊዜ ‹ሐሰት› ተብሏል። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብተሽ በሩን ዘጋሽ።

«እትዬ፣ ያንን ካርድ ተጠቅመውበት ያውቃሉ? ቢሆንም ምንም አይደለም፤ የሰጠሁዎ እኔ ነኝ። ብቻ ይንገሩኝ።»

«የሰይፉ አጥንት ይውጋኝ፣ አልነካሁትም» አልኩሽ።

ደንግጠሽ እጄን ያዝሽ። «ምነው እትዬ፣ ምን አስማለዎት! ያለ መሐላም አምንዎታለሁ። ምናልባት እኔው በጥድፊያ ተጭኜው ይሆናል። ግድ የለም፤ ቦክሷ ውስጥ ቀኑም ሰዓቱም አለ። እሷ ትነግረናለች።»

ይህን ባትነግሪኝ ኖሮ እልና ራሴን እገሥጻለሁ። ጥፋቱን ወዳንቺ ማዞሬ ነው እኮ። ቀኑና ሰዓቱ እሷው ጋ እንደሚቀር አውቅ ነበር፤ ገጽ ሠላሳ ሁለት ላይ አብረን አንብበነዋል። ዒድ ቀን የተጫንኩት ስምንቱ ብቻ አንቺን ነፃ ለማውጣት ይበቃ ነበር። ያን ቀን ከሥራ ስወጣ ቴክኒሻኖቹ ‹ተበላሽታለች› ብለው ነቅለዋት፣ ከሌሎች አሮጌ ዕቃዎች ጋር የሚጣል ነገር በሚጫንበት ጋሪ ላይ አየኋት። የምሳ ዕቃዬን በብብቴ ይዤ እሷን በምሳ ቦርሳዬ ከተትኳት። ዘበኛው እንደ ሁልጊዜው «ሃቭ ኤ ጉድ ዋን» ብሎ በሩን ከፈተልኝ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። የጥራት ክፍል ኃላፊዋ ዲያን «ቦክሷን አምጪና እናያለን» አለችሽ። ሦስት ቀን ከፋብሪካው ጀርባ፣ በዝናብ፣ ከገንዳ ገንዳ። ሌሎቹ መሐንዲሶች በመስኮት እያዩ ቡናቸውን ይጠጡ ነበር። እኔ ቦርሳሽን ያዝኩ፣ ካርቶን አነሳሁ፣ ሽቦ ፈታሁ። አንቺ እስከ ክንድሽ ጭቃ ሆነሽ እንኳ፣

«ኢንጂነር ሆናለች ብላ ለጎረቤት ያወራች እናቴ ‹ቆራሌው› እያልኩ ስዞር ብታይ!» ብለሽ አሳቅሽኝ።

ሳቅሁ። በእግዚአብሔር ፊት ከማፍርባቸው ነገሮች ሁሉ ያቺ ሳቅ ትበልጥብኛለች።

በቸልተኝነት ተብሎ ተባረርሽ። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻሽ በዚያ ሥራ ላይ የቆመ ነበርና አብሮ ወደቀ። ባልሽ ዙበይር ካገር ቤት ሊመጣ ሲል ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቀረ። አንቺ ሥራ ተገኘ ብለሽ ሳስካቱን ሄድሽ፤ ቺፕ ሳይሆን የሆቴል አንሶላ። ስትሄጂ ቶርንክሊፍ አውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ ሸኘሁሽ። መመሪያውን ስናነብ የምንከፍተውን መዝገበ ቃላትሽን ሰጠሽኝና፣

«ሁሉም ፊቱን ሲያዞር አብረውኝ ቆሻሻ የቆፈሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። እስክሞት አልረሳውም» አልሽ።

አውቶቡሱ ሲመጣ አልጨበጥኩሽም። እጄ ቆሽሿል አልኩሽ፤ ጓንት እንዳደረግሁ ግን አይተሻል።

በየፋሲካው መልእክት ትልኪልኛለሽ። «እንኳን አደረስዎ እትዬ። ዳኞቹ እንዴት ናቸው? አሁንም ይፈርዳሉ?» ሦስት ፋሲካ፣ ሦስት መልእክት፤ አንዱንም አልመለስኩም። እርጅና ነው ብለሽ ሳይሆን አይቀርም የምታልፊኝ። ዳኞቹ ደህና ናቸው ሀፍሳ። ዛሬ ከማሽኑ ሁሉ ጎን ተሰቅለዋል። አንቺ እንዳሰብሽው ሆኖ፣ መጋጠሚያ ሲላላ፣ ፓምፕ ሲንቀጠቀጥ፣ ማንም ሳይነግራቸው ያቆሙታል። የሠራቻቸው ሴት ስም ግን የትም የለም። አዲስ ገቢ ሲሠለጥን «የመጀመሪያዋ በኢንጂነሯ ስህተት ከሽፋ ነበር» ይባላል። እኔ እዚያው ቆሜ ነጩን ልብስ አለባበስ አሳያቸዋለሁ።

አሁን የመጻፌን ምክንያት ልንገርሽ። ባለፈው እሑድ፣ ፋሲካ ዕለት፣ ልጄ ማያ ሻንጣ ልትዋስ አልጋዬ ሥር ገባች። እዚህ የተወለደች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ አታነብም።

«ማሚ፣ ዋት ኢዝ ዚስ?»

ቦክሷን በሁለት እጇ ይዛለች። አፌ ከእኔ ቀደመ። «የአባትሽ ሬዲዮ ነው» አልኩ።

ልጄ ደረቷ ላይ አደረገቻት። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ዳዲ ይሰማው የነበረው? ካን አይ ኪፕ ኢት?» አለችኝ።

በሰይፉ አጥንት አንድ ጊዜ ምያለሁ። አሁን ደግሞ ሞቶም የሐሰት ምስክሬ አደረግሁት፤ ያውም በገዛ ልጁ ፊት። ማያ ሽቦ ፈልጋ ወጥ ቤት ውስጥ ሰካቻት። ድምፁን ልትሰማ ነው። መብራቷ በራ፣ ስክሪኗ ተከፈተ።

«ዚስ ኢዝ ኖት ኤ ሬዲዮ፣ ማሚ።» ዝቅ ብላ አነበበች። «ሀፍሳ ማን ናት?»

«ድሮ አብራኝ የምትሠራ ልጅ» አልኩ። ማያ አየችኝ። አባቷ ሲያዝን እንደሚያደርገው አንገቷን ሰበር አድርጋ አየችኝና፣ ሻንጣውን ሳትወስድ ሄደች።

ማግስቱን ጠዋት ከቦክሷ ጋር ብቻችንን ቀረን። ፋብሪካ የለ፣ ሰርቨር የለ፣ ኢንተርኔት የለ። እሷ ግን አንቺ እንዳልሽው ናት፤ ከማንም ሳትጠይቅ የወጥ ቤቴን አየር እያሸተተች ትፈርዳለች። ዓለምሸት የተወችልኝ ቅቤ እስከ ዛሬ ፍሪዘር ውስጥ አለ፤ ጥዬውም ተቀብቼውም አላውቅም። አውጥቼ በጣቴ ጫፍ አሟሟሁና ወደ ቀዳዳዋ አስጠጋሁት።

‹ደህና› አለች። አረንጓዴ።

እጄን አልመለስኩም። ቅቤው በእጄ እስኪወርድ ድረስ ቆምኩ። ‹ደህና›፣ ‹ደህና›፣ ‹ደህና›። ሦስት ዓመት በጨለማ፣ በሻንጣ ስር፣ የነገርኳትን አምና ተቀምጣለች። እኔ ራሴ ማመን ያቃተኝን ውሸት እሷ አንድም ቀን አልተጠራጠረችውም። ሀፍሳ፣ ሰው እንደዚያ አምኖኝ ያውቃል፤ አንቺ ነሽ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዝም ያለችበትን ነገር ‹መደወል ነበረብሽ› ብሎ ማረም እንደሚቻል አሳይተሽኛል። ካርድሽም እኔው ጋ አለ። እጄ ወደዚያ ሄዶ ተመለሰ። ውሸቴ እንዳለ ይቆይ፤ ማስረጃ ነው። ከዚያ ይልቅ ቀኖቹን ፈለግሁ። ዓርብ ሚያዝያ 13፣ የዒድ ዕለት፣ ስምንት ጊዜ። በራሴ እጅ ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ።

ትናንት ማያን ጠርቼ እስከዚህ ያለውን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ እሷ በእንግሊዝኛ እየጻፈች። መሐላው ላይ ስንደርስ ብቻ ጣቷ ቆመ።

«በዳዲ ማልሽ?»

«አዎ።»

«አጥንት ማለት ሊትራሊ... የዳዲ?»

«አዎ ልጄ።»

የጻፈችውን መስመር እንደገና አነበበች። ከዚያ «ኦኬ፣ ቀጥዪ» አለችኝ። ስትሄድ አልሳመችኝም፤ ግን ሰኞ መኪናዋን ይዛ እንደምትመጣ ነገረችኝ። አውቶቡሱ ቦክሷን ያንገጫግጭብሻል አለች።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጠይቅሽም። አንቺ ይቅር ማለት ይቀልሻል፤ እንዲቀልልኝ አልፈልግም። ሥራዬን አጣለሁ፤ ዕቃ ሰርቀሻል ተብዬ ልከሰስም እችላለሁ። ቅቤውን፣ ቆቡን፣ ካርዱን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እናገራለሁ። ያኔ አንድ ደቂቃ የሸሸሁት ሐፍረት ሦስት ዓመት ወልዶ ጠበቀኝ። ለአንቺ የጠፋውን ዓመት ማንም እንደማይመልስልሽ አውቃለሁ፤ ስምሽ ግን ከዚያች ከሚያሠለጥኑባት ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዲወጣ እስካለሁ ድረስ አልተኛም። መዝገበ ቃላትሽንም እመልስልሻለሁ፤ ሳይገባኝ የያዝኩት ነው።

ይህን ወረቀት ላንቺ አስቀድሜ ልልከው ነበር። ከዚያ አሰብኩ። ቀድመሽ ካነበብሽው «ይተዉት እትዬ፣ ያለፈ ነው» ትይኛለሽ። እኔም ደስ ብሎኝ እተወዋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ቃሌን በማልመልሰው መንገድ እሰጣለሁ።

መጀመሪያ የሰማችው ልጄ ማያ ሰይፉ ናት። ሰኞ ጠዋት፣ ማያ በእንግሊዝኛ የጻፈችውን ከቦክሷና ከካርዱ ጋር በእጇ የምትቀበለው ዲያን ናት። በዚያው ቀን፣ ከፋብሪካው በር ላይ፣ የሚላክልሽ ሦስተኛው ቅጂ ነው።

በስምሽ በሐሰት የመሰከርኩብሽ፣
እታገኝ

ይድረስ ለሀፍሳ፣ ሳስካቱን።